የጭነት ዋጋና የዕቃ ዕድሜ፤ የባሕር ማዶ ሸቀጥ በብቸናና በሞጣ

ከዐባይ ሸለቆና ከጮቄ ተራራ መካከል ባለው ደጋና ወይና ደጋ፣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ብቸናና ሞጣ የተባሉት ሁለቱ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ይገኛሉ። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ማሩንና ከብቱን ወደ ገበያቸው ያወጣል፤ ከገበያውም ጨርቅ፣ ጫማ፣ መብራትና የቤት ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል። እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ በዚህም አገር «የዱሮ ዕቃ ጠንካራ ነበረ፤ የዛሬው ግን ዓመት አይሞላም» የሚል አነጋገር የተለመደ ነው። የታሪክ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን አነጋገር እንደ ወረደ ሊቀበለው አይገባም፤ ሽማግሌ ሁሉ ያለፈውን ዘመን ማመስገን ልማዱ ነውና። ደግሞም ከዱሮው ዕቃ እስከ ዛሬ ተርፎ በየቤቱ የሚታየው ጠንካራው ብቻ ነው፤ ደካማው ተሰብሮና ተቀዶ ከጠፋ ቆይቷልና ምስክር ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ አነጋገሩን ንቆ መተውም አይገባም፤ በውስጡ ሊመረመር የሚገባው ታሪክ አለበት።

ነገሩን በሚገባ ለመመልከት «የባሕር ማዶ ዕቃ ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ ነው» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ከአንድ አገር፣ እንዲያውም ከአንድ ፋብሪካ፣ ጠንካራውም ደካማውም ይወጣል። መጠየቅ የሚገባው «ከሁለቱ የትኛው እስከ ሞጣ ገበያ ይደርሳል? ለምንስ?» ተብሎ ነው። የአገሩ የንግድ ታሪክ ሲመረመር፣ በቀድሞ ዘመን በደካማ ዕቃ ላይ ሦስት ጠባቂዎች ቆመው እንደ ነበሩ ይታያል። አንደኛው የመንገዱ ርቀትና የጭነቱ ውድነት፣ ሁለተኛው የገዢው ዐይንና እጅ፣ ሦስተኛው የአገር ጠቢብ ጥገና ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ አልተነሡም፤ በየተራ ሲነሡ ግን በምትካቸው የቆመ ሌላ ጠባቂ አልነበረም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በ1834ና በ1835 ዓ.ም. ገደማ ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ በጎጃም ተቀምጦ የአገሩን ንግድ ሲመረምር፣ ከሁሉ የሚበልጠው ገበያ በደቡብ ጎጃም፣ በየጁቤ አጠገብ ያለው የባሶ ገበያ ነበር። ከዐባይ ማዶ ከጉድሩ በኩል ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ባሮችም ሳይቀሩ ወደ ባሶ ይወጡ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ሰማያዊና ቀይ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ቅርንፉድ የመሰለ የሩቅ አገር ቅመም፣ መርፌና ምላጭ ይወርድ ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋና በጎንደር፣ በደሪጣም በኩል የሚመጣው ሸቀጥ ወደ ጎጃም የሚገባው ዐባይን ተሻግሮ ነው። ከመሻገሪያዎቹም አንዱ በሞጣ አቅጣጫ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለትና ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ነው። ነጋዴው ክረምቱን ዐርፎ በበጋ በአጋሰስ ይጓዛል፤ በየኬላውም ቀረጥ ይከፍላል። ቀረጡም ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን በጭነቱ ልክ ነበር። ለአጋሰሱ ጠንካራ ጨርቅና ደካማ ጨርቅ አንድ ነው፤ ለኬላ ጠባቂውም እንዲሁ።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ታላቅ ውጤት ነበረው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 አርመን አልቺያንና ዊሊያም አለን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሕጉን በግልጽ አስቀምጠውታል፤ የማጓጓዣው ዋጋ ለመልካሙም ለመናኛውም ዕቃ እኩል ሲሆን፣ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው መልካሙ ነው። ለምሳሌ በባሕር በር ላይ መናኛው ጨርቅ 1 ብር፣ መልካሙ ጨርቅ 2 ብር ያወጣል እንበል። ሁለቱን እስከ ሞጣ ለማድረስ ለእያንዳንዱ 2 ብር የሚከፈል ቢሆን፣ በሞጣ መናኛው 3 ብር፣ መልካሙ 4 ብር ይሸጣል። በባሕር በር እጥፍ የነበረው የዋጋ ልዩነት በሞጣ ሢሶ ብቻ ሆነ። እንግዲህ 3 ብር ከፍሎ መናኛውን ከመግዛት አንድ ብር ጨምሮ መልካሙን መግዛት እንደሚሻል የሞጣ ገበሬ ያለ አስተማሪ ያውቃል፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ በአጋሰሱ ላይ መናኛ አይጭንም። የማጓጓዣው ዋጋ ወደ 25 ሳንቲም ሲወርድ ግን መናኛው 1 ብር ከ25፣ መልካሙ 2 ብር ከ25 ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያን ጊዜ መናኛው ዕቃ ገዢ ያገኛል። በዚህ አስተሳሰብ ሲታይ፣ የዐባይ ገደል ለብዙ ዘመን ደመወዝ ያልተከፈለው የዕቃ መርማሪ ነበረ ማለት ይቻላል።

የሁለተኛው ጠባቂ፣ የገዢው ዐይንና እጅ፣ ታሪክም እንዲሁ ሰፊ ነው። የቀድሞ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን በገዛ ሸማቸው ላይ ለጥለት ይሸምኑት ነበር። ጨርቅን ክር በክር የሚተረትር ሰው ደግሞ የቀለሙን ጽናትና የክሩን ጥንካሬ ሳያውቅ አይቀርም። ሸማኔው የባሕር ማዶውን ሥራ ውስጡን ገልጦ ያየ መርማሪ ነበር።

ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ይህ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ ወደ 28 ግራም የሚመዝን የኦስትርያ ብር፣ በምሥራቅ ጎጃም ገበያ የታመነው በመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን በሕዝብ ምርመራ ነው። ሰው በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን የዕንቍ ረድፍ፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ጕብታ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ያረጀውንና የተፋቀውን ይመልስ ነበር። ኢጣልያ በአውሮፓ አቈጣጠር 1918 የተጻፈበትን ተመሳሳይ ብር ለኤርትራ ባሳተመች ጊዜ ሕዝቡ መልኩ ልዩ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የታተመው የዐፄ ምኒልክ ብር እንኳ በገጠር የጠገራውን ቦታ ፈጽሞ ሊይዝ አልቻለም። በመጨረሻም ኢጣልያ በ1927 ዓ.ም. የእውነተኛውን ጠገራ ማተሚያ ከኦስትርያ ወስዳ በሮም ለማሳተም ተገደደች። በወረራው ዘመን ደግሞ የወረቀት ሊሬ በብዙ ቦታ ሲናቅ ጠገራው እንደ ተፈለገ ቀረ። እንዲህ ያለውን ሕዝብ «ዕቃ መምረጥ የማያውቅ» ብሎ መናገር ታሪክን አለማወቅ ነው።

ከባሕር ማዶ ከመጡት ዕቃዎች ሁሉ በገበሬው ቤት በሰፊው የገባው አቡጀዲድ ነው። ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያ በብዛት የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ነበር። አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የንግድ ውል ስትዋዋል፣ መልእክተኛውን ሮበርት ስኪነርን ወደ አዲስ አበባ ያመጣው ዋናው ጕዳይ የዚህ ጨርቅ ንግድ ነበር። የአሜሪካው ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪቃና በቻይና ገበያ የተወደደበትን ምክንያት ለማስተዋል የእንግሊዙን ተወዳዳሪ ታሪክ ማየት ይረዳል። በ1853 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ጥጥ በተወደደ ጊዜ፣ የላንክሻየር ፋብሪካዎች ክሩን አሳስተው በምትኩ ዱቄትና ነጭ የሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ሙጫ መቀባትን አበዙ። ጨርቁ በሱቅ ውስጥ ከባድና ድርብ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ግን ሙጫው ወጥቶ እንደ ወንፊት ይሆናል። ጦርነቱ በ1857 ዓ.ም. ቢያልቅም ልማዱ አልቀረም። የቻይና ነጋዴዎች ጨርቁ በመርከብ ላይ ሻገተብን እያሉ ጮኹ፤ በ1864 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ጆርጅ ቡካናን የተባለ የመንግሥት ሐኪም የዚህ ሙጫ ብናኝ በቶድሞርደን ሠራተኞች ጤና ላይ ያደረሰውን ጕዳት መረመረ። እንግዲህ የመናኛ ዕቃ ነገር በዘመናችን ወይም በእስያ የተጀመረ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከሁሉ ቀድሞ በሠለጠነው ኢንዱስትሪ ውስጥ የተገኘ ነው።

በምድር ባቡርና በጃፓን መነሣት የአቡጀዲድ ታሪክ ሌላ መልክ ያዘ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከባሕር እስከ መናገሻው ከተማ ያለው ጭነትም ረከሰ። ኢትዮጵያ ከጃፓን ጋር በኅዳር 1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለች፤ በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ሄደው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በነዚሁ ዓመታት የጃፓን አቡጀዲድ የአሜሪካውን ከኢትዮጵያ ገበያ አስወጣው። ይህ የሆነው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የዓለም የንግድ ድቀት የቡናንና የቆዳን ዋጋ ጥሎት ነበርና ገዢው ገንዘብ አጣ፤ ጃፓንም በታኅሣሥ 1924 ዓ.ም. ገንዘብዋን ከወርቅ ስላላቀቀች ሸቀጥዋ ይበልጥ ረከሰ። የጃፓን ፋብሪካዎችም በመሣሪያና በአሠራር የበረቱ እንጂ ሁሉም መናኛ ሠሪዎች አልነበሩም። ሆኖም ግን ነገሩ ከላይ ከተሰጠው የጭነት ሕግ ጋር ይስማማል፤ መንገድ በቀለለ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ያለው ዕቃ ያሸንፋል። ባቡሩ ባልደረሰበት፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ ገና በበቅሎ ዐባይን መሻገር ግድ በሆነበት በምሥራቅ ጎጃም ግን የቀድሞው ጠባቂ በከፊል ቆሞ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የአገሩ ሸማኔ አልጠፋም። የፋብሪካ ክር ሲመጣ ለድር የፋብሪካውን፣ ለማግ በሴቶች እጅ የተፈተለውን እያደረገ መሸመኑን ቀጠለ። ጋቢና ቡሉኮ ከአቡጀዲድ ይልቅ ውድ ቢሆኑም የደጋ ብርድ የሚያውቀው ገበሬ በዕድሜያቸው እየለካ ይገዛቸው ነበር። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። አቡጀዲድ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ቀርቶ ከዚያው ከዐባይ መውጫ ሲመጣ፣ ገዢው ሠሪውን የሚያውቅበት፣ ቅሬታም ቢኖረው አድራሻ የሚያገኝበት ዘመን ሆነ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በኋላ ነው። በ1948 ዓ.ም. ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ ዕቃን በብረት ሣጥን አሽጎ በመርከብ መጫንን ጀመረ። ኮንቴይነር የሚባለው ይህ ሣጥን በየአገሩ ሲለመድ የባሕር ጭነት ዋጋ ከሸቀጡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በኢትዮጵያ የንግድ በር በሰፊው ሲከፈት፣ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣም የጭነት መኪና ያለ ችግር ሲወጣ፣ ከቻይና ፋብሪካ እስከ ጎጃም ሱቅ ያለው መንገድ አንድ ወጥ ሆነ። የላስቲክ ጫማ፣ ጀሪካን፣ የእጅ ባትሪ፣ ጃንጥላ፣ ፍላሽ፣ መቀስና ቴርሞስ በየሱቁ ተደረደሩ። የቻይና ፋብሪካ ለአውሮፓ ገዢ በአውሮፓ መለኪያ፣ ለርካሽ ፈላጊ አስመጪም በተነገረው ዋጋ ልክ ይሠራል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሠሪው አገር ላይ መጣል አይገባም፤ የሞጣ ገበሬ የሚገዛውን ዕቃ ጥንካሬ የወሰነው ብዙ ጊዜ ገበሬውን አይቶት የማያውቅ አስመጪ ነው።

የመጀመሪያው ጠባቂ እንዲህ ሲነሣ ሁለተኛውም አብሮ ደከመ። አቡጀዲድን በሁለት አውራ ጣት አሽቶ ሙጫውን ማራገፍ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ክሩን ማየት ይቻላል። የእጅ ባትሪን ግን ምን ያህል ሌሊት እንደሚያበራ በጣት ዳስሶ የሚያውቅ የለም፤ የላስቲኩም ጫማ በፀሐይ የሚሰነጠቅበት ወር በላዩ አልተጻፈም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የአሜሪካ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ገዢው መልካሙን ከመናኛው መለየት ካልቻለ ለመልካሙ የሚገባውን ዋጋ መክፈል ይፈራል፤ መልካም ዕቃ የያዘውም ነጋዴ ዋጋውን ስላጣ ከገበያ ይወጣል፤ በመጨረሻ የሚቀረው መናኛው ብቻ ይሆናል። የፀሐይ መብራት ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። ኩራዝን ያስቀራል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ይህ መብራት በአፍሪቃ ገጠር ሲስፋፋ፣ ቶሎ የሚሞቱ ርካሽ መብራቶች ቀድመው እየገቡ የገዢውን እምነት አበላሹ። ስለዚህም የዓለም ባንክ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው የአፍሪቃ የመብራት ፕሮግራም ከዋና ሥራዎቹ አንዱን የመብራቶችን ጥንካሬ መፈተንና ያለፉትን ማሳወቅ አደረገው። አንድ ጊዜ የተታለለ ገበሬ ሁለተኛ መልካሙንም አያምንም፤ ጕዳቱም ለተታለለው ብቻ ሳይሆን ለመልካም ሠሪውም ነው።

ሦስተኛው ጠባቂ የአገር ጠቢብ ነበር። ማጭድ ሲደንዝ፣ ማረሻ ሲያልቅ ቀጥቃጩ በእሳት ያድሰዋል፤ ሸማ ሲቀደድ ይጠቀማል፤ ሰፌድና ሙዳይ ሲላላ ይጠገናል። የቀድሞው የባሕር ማዶ ዕቃም ወደዚሁ የጥገና ሥርዓት ይገባ ነበር፤ የላምባው ቆርቆሮ ላምባው ሲያልቅ ማሰሻ፣ መስፈሪያና ኩራዝ ሆኖ ይሠራል። በፋብሪካ ተጣብቆ የተዘጋ ዕቃ ግን ሲበላሽ የሚፈታበት ብሎን የለውም፤ የሚጠግነውም ሰው የለም። እዚህ ላይ የገዛ ኅብረተሰባችን ጥፋት ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ለብዙ ዘመን ቡዳና ጠይብ እያለ ሲንቅ የኖረ አገር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ከሰው ልብ ቶሎ አልወጣም። ስለዚህ እንስራው በጀሪካን ሲተካ ለሸክላ ሠሪዋ ያዘነላት ጥቂት ነው። ጠቢቡ ግን ዕቃ ሠሪ ብቻ ሳይሆን ዕቃ ዐዋቂም ነበር፤ እርሱ ከገበያ ሲወጣ መካሪውም አብሮ ወጣ።

ይህ ሲባል የቀድሞው ዘመን የተድላ ዘመን ነበረ ለማለት አይደለም። ጭነት ውድ በነበረበት ጊዜ መልካሙ ዕቃ ወደ ሞጣ የደረሰው ለጥቂቶች ነው፤ ብዙው ድኻ ምንም የባሕር ማዶ ዕቃ ሳይገዛ፣ ባንድ ልብስ ክረምትና በጋን ይገፋ ነበር። ጀሪካን ከእንስራ ይልቅ ቀሊል ነው፤ ውኃ ቀጅዋ ሴት ወገብዋ ዐርፎላታል። የላስቲክ ጫማ መናኛም ቢሆን እግርን ከእሾህና ከጭቃ አድኗል። ነገር ግን ርካሽነት ሁለት መልክ እንዳለው መርሳት አይገባም። በ200 ብር የተገዛ ጫማ አራት ወር ቢያገለግልና በ400 ብር የተገዛው ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ርካሹን የገዛው 1,200 ብር፣ ውዱን የገዛው 400 ብር ያወጣል። 400 ብር ባንድ ጊዜ የሌለው ድኻ ግን ሦስት እጥፍ ለመክፈል ተፈርዶበታል። ለእርሱ የዕቃ መናኛነት ሳይታወጅ በየወሩ የሚከፈል ግብር ነው።

በቅርብ ዓመታት የተነሣ አንድ ነገር ታሪኩን ወደ ተነሣበት ይመልሰዋል። የኢትዮጵያን ጥበብ አስመስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከባሕር ማዶ እየመጣ በየገበያው ይሸጣል። የእውነተኛው ሸማ ጥለት ከድርና ከማግ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ የዚህ ግን ከላይ የተቀባ ቀለም ነው። የቀድሞው ሸማኔ የሱራትን ጨርቅ ተርትሮ ክሩን ለራሱ ጥበብ አድርጎት ነበር፤ ዛሬ ጥበቡ ራሱ ወደ ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ሊተረተር የማይችል ሥዕል ሆኖ ተመለሰ። በአንድ ጋቢ ላይ ሳምንታት የሚደክመው ሸማኔና የምትፈትለው ሴት ከዚህ ጋር በዋጋ ሊወዳደሩ አይችሉም። ሊወዳደሩ የሚችሉት በዕድሜ ነው፤ ዕድሜ ግን በሱቅ ውስጥ አይታይም።

መንግሥት በአዋጅ ቍጥር 685/2002፣ ኋላም በአዋጅ ቍጥር 813/2006 የሸማቹን መብት ደንግጓል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ማስለወጥና ገንዘብን ማስመለስ በሕግ ገብቷል። ይህ ሕግ የዐባይ ገደል ይሠራው የነበረውን ሥራ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ነገር ግን ገደሉ ማንንም ሳይጠይቅ በእያንዳንዱ ጭነት ላይ ይፈርድ ነበር፤ ሕጉ ግን ደረሰኝ፣ መርማሪና ከሳሽ ይፈልጋል። በብቸና ገበያ ለአንድ የእጅ ባትሪ ደረሰኝ ይዞ የሚከስ ገበሬ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ምርመራው ዕቃው አገር ከመግባቱ በፊት በጉምሩክ በር ላይ ካልሆነ፣ በገበሬው ደጅ ላይ ሊሆን አይችልም።

ለባህል ጥናትም ከዚህ የሚወጣ ሥራ አለ። የአገር ዕቃ ጥንታዊ ስለ ሆነ ይሰበሰባል፤ ጀሪካንና የላስቲክ ጫማ ግን ተራ ስለ ሆኑ ማንም አይመዘግባቸውም። በብቸናና በሞጣ ዙሪያ በጥቂት ቤቶች ውስጥ እያንዳንዱ የባሕር ማዶ ዕቃ መቼ እንደ ተገዛ፣ በስንት እንደ ተገዛ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተጠገነ፣ መቼ እንደ ተጣለ በየዓመቱ ቢመዘገብ፣ «የዱሮ ዕቃ ጠንካራ ነበረ» የሚለው አነጋገር ከትዝታነት ወጥቶ በቍጥር ይመዘናል። የጎጃም ሰው ጠገራውን ሳይዳስስ ተቀብሎ አያውቅም፤ የዛሬውን ዕቃ የሚዳስስበት መለኪያ ማበጀት ደግሞ የተማረው ሰው ዕዳ ነው።